አንድ የጃፓንኛ ዐረፍተ ነገር ከሰሜን ተራሮች ሥር

ባዕድ ቋንቋ ለመማር የተነሣ ሰው ከፊቱ ሁለት መንገዶች ተዘርግተው ያገኛል። አንደኛው ቃላትን በተርታ እየሸመደዱ ማከማቸት ነው። ሁለተኛው አንድ ዐረፍተ ነገር ይዞ፣ በውስጡ ያለውን እያንዳንዱን ቃል ከነሙያው መርምሮ፣ ከዚያም ያንኑ ዐረፍተ ነገር እያገላበጡ ሌሎችን መውለድ ነው። የመጀመሪያው መንገድ ፈጣን ይመስላል። ነገር ግን በተርታ የተሸመደደ ቃል ዘመድ የሌለው እንግዳ ነውና ማደሪያ አጥቶ ቶሎ ይሄዳል። ሁለተኛው አዝጋሚ ይመስላል፤ ሆኖም በዐረፍተ ነገር የገባ ቃል ጎረቤቶቹን ይዞ ስለሚገባ በቀላሉ አይጠፋም።

በጎንደርና በአካባቢው ለዘመናት ሲሰጥ የኖረው የቅኔ ትምህርት የቆመው በዚህ በሁለተኛው መንገድ ላይ ነው። እርግጥ ነው፣ የቅኔ ተማሪ ግስ ያጠናል፤ እርባ ቅምሩን ይዘልቃል፤ አገባቡን ይቀጽላል። ነገር ግን ግስ ብቻ የያዘ ተማሪ ግዕዝ ዐወቀ አይባልም። ዐወቀ የሚባለው ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ቅኔ ሲቆጥርና ለመምህሩ ነግሮ ሲታረም ነው። የሚቆጥርበትንም ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከአካባቢው ፍጥረት ይወስዳል፤ ፀሐዩ፣ ደመናው፣ ንቡ፣ ዋርካው፣ ወንዙ ሁሉ ለሰሙ ይሆኑታል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ደክመውበት፣ ከእርሳቸውም በኋላ በደስታ ተክለ ወልድ አማካይነት በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት የበቃው ታላቁ መጽሐፍ ስሙ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። ሰዋስውና ግስ፣ ግስና መዝገበ ቃላት ተለያይተው እንዳይታዩ በአንድ ጥራዝ ተጠርዘዋል።

እንግዲህ በዚህ ልማድ ውስጥ ያደገ አንድ የጎንደር ልጅ ጃፓንኛ ለመማር ተነሣ እንበል። ለምን ተነሣ ቢባል ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። የፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979፣ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ ከሁለቱ አንዱን ወይም ሁለቱንም ለማየት ከሩቅ ምሥራቅ የሚመጣ እንግዳ ተርጓሚና መሪ ይሻል።

የሁለቱ ሀገሮች ትውውቅም አዲስ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ተልከው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚል መጽሐፍ ለሀገራቸው ሰው አቅርበዋል፤ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1934 በጃፓንኛ ተተርጉሟል። ለጎንደር ይበልጥ የሚቀርበው ግን ሌላ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 እና በ1974 በካዋይ ማሳኦ የሚመራ የጃፓን ተመራማሪዎች ቡድን በሰሜን ተራሮች ላይ፣ ግጭ በተባለው ስፍራ፣ የጭላዳን ኑሮ ሲያጠና ቆይቶ የደረሰበትን ውጤት በ1979 በመጽሐፍ አሳትሟል። የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ወደዚያ ውርጭ ሀገር የመጡት፣ ሣር እየነጨ የሚኖር፣ ደረቱ ቀይ፣ ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች በቀር በሌላ ሀገር በዱር የማይገኝ እንስሳ ሊያዩ ነበር። ስለዚህ ጃፓንኛ በሰሜን ገደሎች አፋፍ ላይ ከተነገረ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል።

የልጁ የመጀመሪያ የመልመጃ ዐረፍተ ነገር ይህች ናት፦ «ያማ ኒ ዩኪ ጋ ፉሩ።» ለጊዜው «ተራራ ላይ በረዶ ይወርዳል» ብለን እንፍታት። ለጊዜው የተባለበት ምክንያት ወደ ኋላ ይገለጻል።

አስቀድሞ የሚያስደስተው የፊደሉ ነገር ነው። ጃፓኖች ከቻይና ከወሰዱት የሥዕል ጽሕፈት ሌላ ካና የሚባል የራሳቸው ፊደል አላቸው። ካናም እንደ ግዕዝ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት ይጽፋል። በዚህም ምክንያት ያ፣ ማ፣ ኒ፣ ዩ፣ ኪ፣ ጋ፣ ፉ፣ ሩ ተብሎ በካና በስምንት ምልክት የሚጻፈው ዐረፍተ ነገር በእኛም ፊደል በስምንት ምልክት ይጻፋል፤ አንድም አይተርፍ፣ አንድም አይጎድል። በላቲን ፊደል ለመጻፍ ግን ዐሥራ ስድስት ምልክት ያስፈልገዋል።

ወደ ቃላቱ እንግባ። «ያማ» ተራራ ነው። «ኒ» ከስሙ ቀጥላ የምትገባ አገባብ ስትሆን እዚህ የኛን «ላይ»ን ትተካለች፤ በሌላ ስፍራ «ወደ»ንም «በ»ንም ልትሆን ትችላለች። «ዩኪ» የሚወርደው ነገር ነው። «ጋ» ባለቤቱን የምታመለክት አገባብ ናት። «ፉሩ» ማሰሪያ አንቀጹ ነው፤ ከሰማይ መውረድን፣ መዝነብን ይገልጻል።

አማርኛ ተናጋሪ በ«ጋ» መሰናከሉ አይቀርም። በእኛ ቋንቋ «እኅቴ ጋ» ያለ ሰው እኅቱ ዘንድ ማለቱ ነው፤ ጃፓንኛው ግን እኅቱ ራሷ አድራጊ መሆኗን ይነግራል። አማርኛ ለባለቤት ምልክት አያደርግለትም፤ ባዶውን ያቆመዋል። ምልክት የሚያደርገው ለተሳቢው ነው። ተራራ ማየትን ለመግለጽ ጃፓኑ «ያማ ኦ ሚሩ» ይላል፤ «ኦ» የኛዋ «ን» ናት፣ «ተራራን ያያል» እንደማለት። የቅኔ ተማሪም «ደብር» የሚለው ስም ተሳቢ ሲሆን «ደብረ» ብሎ መጨረሻውን ወደ ግዕዝ እንደሚለውጥ ያውቃል። በሦስቱም ቋንቋዎች ያለው ሥራ አንድ ነው። መሣሪያው ብቻ ይለያያል፤ በግዕዝ የፊደል ለውጥ፣ በአማርኛ ቅጥያ፣ በጃፓንኛ ራሷን የቻለች አገባብ።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስገርመው የቃላቱ ቅደም ተከተል ነው። ጃፓንኛው ተራራ፣ ላይ፣ በረዶ፣ ይወርዳል ብሎ ይሄዳል፤ አማርኛውም እንደዚያው። አንዱን ቃል በሌላው ስፍራ እየተኩ መሄድ ብቻ ነው። በግዕዝ ቢሆን ግን «ይወርድ ሐመዳ ዲበ ደብር» ይባል ነበር። ግሱ ከፊት ይቀድማል፤ «ዲበ» ከስሙ በፊት ይገባል፤ ተራራው መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። የቅኔ ተማሪ በስንት ድካም ዐረፍተ ነገሩን ከራስጌ ወደ ግርጌ መገልበጥ የለመደው ለግዕዝ ሲል ነበር። ከግዕዝ ጋር በወገን የሚዛመደው አማርኛው እዚያ ይቃወመው የነበረውን ያህል፣ ምንም ዝምድና የሌለው ጃፓንኛ እዚህ ይስማማዋል።

የዚህ ምክንያቱ ምንድን ነው? ጃፓንኛና አማርኛ ዘመዳሞች ስለሆኑ አይደለም፤ አይደሉምም። ግስን መጨረሻ ላይ የሚያሳርፉ ቋንቋዎች በዓለም ላይ አያሌ ናቸው፤ ቱርክኛም ሂንዲም እንዲሁ ናቸው። የአማርኛው ጠባይ ምንጭ ግን በቅርብ የሚገኝ ነው። የቋንቋ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ አማርኛ ከሴም ወገን ሆኖ ሳለ ግሱን ወደ መጨረሻ የወሰደው ከኩሽ ቋንቋዎች፣ በተለይም ከአገው፣ ጋር በረዥም ዘመን አብሮ በመኖሩ ነው። ከጎንደር በስተ ምዕራብ በጭልጋና በአካባቢው ሲነገር የኖረው ቅማንትኛ ከእነዚሁ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ስለዚህ የጎንደሩ ልጅ ጃፓንኛውን ዐረፍተ ነገር ሳይገለብጥ የሚረዳው፣ ሳያውቀው የአገው ጎረቤቶቹ ያወረሱትን ሥርዐት ይዞ ነው።

ዐረፍተ ነገሩን ትንሽ ብናንቀሳቅሰው ይኸው ነገር ይበልጥ ይጎላል። «ዩኪ ጋ ፉሩ ያማ» ሲባል «በረዶ የሚወርድበት ተራራ» ማለት ነው። ገላጩ ሐረግ ከተገላጩ ስም ይቀድማል፤ በአማርኛም ያው ነው። በግዕዝ ግን ተራራው ቀድሞ «ዘ» ትከተለዋለች። አማርኛ «የሚ» እና «በት» የሚሉትን ማያያዣዎች ሲጨምር፣ ጃፓንኛ ምንም አይጨምርም፤ ግሱን ከስሙ ፊት አስጠግቶ ያልፋል። አሉታው ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። ግዕዝ «ኢይወርድ» ብሎ እንቢታውን ከፊት ያስቀድማል። ጃፓንኛ «ፉራናይ» ብሎ ከኋላ ያስከትላል። አማርኛ «አይወርድም» ብሎ ግሱን በሁለት በኩል ይይዘዋል፤ አንድ እጁ በግዕዝ፣ አንድ እጁ በሌላው ወገን ያለ ይመስላል።

ያለፈውን ጊዜ ለመናገር «ፉታ» ይባላል፤ «ታ»ዋ ጠብቃ ትነበባለች። ካና ይህን መጥበቅ በአንዲት ትንሽ ምልክት ያሳያል። የእኛ ጽሕፈት ግን አያሳይም። «አለ» ላልቶ ሲነበብ ተናገረ፣ ጠብቆ ሲነበብ ኖረ ወይም ተገኘ ይሆናል፤ የትኛው እንደሆነ የሚነግረን ፊደሉ ሳይሆን ዐረፍተ ነገሩ ነው። እዚህም ላይ ዐረፍተ ነገሩ ለቃሉ ዳኛ ሆኖ ይቀመጣል።

ስለ «አለ» ከተነሣ አንድ ሌላ ነገር አለ። «ተራራ ላይ በረዶ አለ»፣ «ተራራ ላይ ጭላዳ አለ» ስንል በአማርኛ ግሱ አንድ ነው። በጃፓንኛ ግን «ያማ ኒ ዩኪ ጋ አሩ» ተብሎ፣ ለጭላዳው «ያማ ኒ ጌራዳ ጋ ኢሩ» ይባላል። ነፍስ ላለው «ኢሩ»፣ ነፍስ ለሌለው «አሩ» ነው። የእንስሳው ስም ከእኛው ከ«ጭላዳ» የተወሰደ ነው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በሰሜን ተዘዋውሮ እ.ኤ.አ. በ1835 ለሳይንስ ባስተዋወቀው ጊዜ በሀገሬው ስም ጠራው፤ ስሙም በዚያ መንገድ ጃፓን ደረሰ። እነሆ፣ የሩቅ ሀገር ዐረፍተ ነገር ሲማር ተማሪው የገዛ ተራራውን ስም በውስጡ አገኘ።

ስለ አክብሮትም አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ጎንደሬው ታላቁን «አንቱ» ብሎ ያከብራል፤ ግሱም በተከበረው ሰው መሠረት «መጡ»፣ «ተቀመጡ» እያለ ይለዋወጣል። ጃፓንኛ ግን ግሱን በአንደኛና በሁለተኛ፣ በወንድና በሴት አይለዋውጥም፤ «ፉሩ» ለሁሉ ያው «ፉሩ» ነው። ሆኖም የሚያዳምጠው ሰው የሚከበር ከሆነ «ያማ ኒ ዩኪ ጋ ፉሪማስ» ይባላል። የተከበረው በረዶው አይደለም፤ ወሬውን የሚሰማው ሰው ነው። አማርኛ ስለ በረዶ ሲናገር አድማጩን በግሱ ውስጥ የሚያከብርበት መንገድ የለውም፤ «ጌታዬ»ን ወይም «እሜቴ»ን ከውጭ መጨመር ይኖርበታል። ተማሪው ይህን ሲረዳ አክብሮት በሁለቱም ሕዝቦች ዘንድ የሰዋስው ጉዳይ መሆኑን፣ የሚያርፍበት ቦታ ግን የተለያየ መሆኑን ይገነዘባል።

እስከዚህ ድረስ ሰዋስው ነው። ዋናው ችግር ግን ከአንድ ቃል ላይ ነው፤ ከ«ዩኪ»። ለጊዜው በረዶ አልነው። ለመሆኑ በረዶ ነውን?

ጃፓንኛ ከሰማይ የሚወርደውንና በምድር ላይ የሚረጋውን ቅዝቃዜ በየስሙ ይለየዋል። እንደ ተባዘተ ጥጥ እየበነነ የሚወርደው «ዩኪ» ነው። እንደ ጠጠር የሚወርደው መጠኑ አምስት ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን «ህዮ»፣ ሲያንስ «አራሬ» ይባላል። ሌሊት በሣርና በአዝርዕት ላይ የሚነጣው «ሺሞ» ነው። የረጋው ውሃ «ኮሪ» ነው። በሥዕል ጽሕፈታቸውም ዩኪ፣ ህዮ፣ አራሬና ሺሞ ሁሉም ከራሳቸው ላይ የዝናብን ምልክት እንደ አክሊል ደፍተው ይጻፋሉ፤ ደመናና ጉምም እንደዚሁ። ወገናቸው አንድ መሆኑ ከላይ፣ ልዩነታቸው ከታች ይታያል።

በዛሬው የከተማ አማርኛ እነዚህ ሁሉ ከአንዱ በቀር በረዶ ናቸው። እየበነነ የሚወርደው በረዶ፣ ቆርቆሮ የሚደበድበው ጠጠር በረዶ፣ በማቀዝቀዣ የረጋው ውሃም በረዶ ነው። የተለየ ስም የቀረው ለሺሞ ብቻ ነው፤ እርሱም ውርጭ ነው። ይህ የቋንቋው ድህነት ነውን? እንዲህ ብሎ የሚፈርድ ሰው የገዛ ቤቱን ሳይፈትሽ የፈረደ ነው።

የጎንደሩ ልጅ የቅኔ ቤት ግሱን ያስታውስ። ግዕዝ ለጠጠሩ «በረድ»፣ ለሚበነው «ሐመዳ»፣ ለውርጩ «አስሐትያ» ይላል። ሙሉው በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የኖረው መጽሐፈ ሄኖክ ሦስቱን ለያይቶ፣ ለየአንዳንዳቸው መንፈስ ሰጥቶ ይናገራል። ከሐመዳም አማርኛ «አመዳይ» የሚለውን ቃል ወርሷል። ዛሬ ይህን ቃል የሚያውቅ ሰው ብዙ ጊዜ ለውርጭ ያውለዋል፤ ብዙው የከተማ ሰው ደግሞ ፊቱ ያመዳየበትን ሰው ለመግለጽ ካልሆነ በቀር አያነሣውም። ሆኖም ቃሉ አለ። ለ«ዩኪ» የሚስማማ ፍች ፍለጋ ወደ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም ነበር፤ በመዝገበ ቃላታችን ውስጥ ተቀምጦ የሚጠራው ሰው አጥቶ ኖሯል።

ነገሩ ራሱ በሀገሩ የለም እንዳይባል፣ ምስክሩ እጅግ ጥንታዊ ነው። ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በስድስተኛው መቶ ዓመት በአዱሊስ አግኝቶ በገለበጠው የግሪክኛ የድንጋይ ጽሑፍ ላይ፣ ስሙ ያልተጠቀሰ አንድ የአክሱም ንጉሥ ስለ ዘመቻዎቹ ሲናገር፣ የሰሜን ሰዎች የሚኖሩባቸው ተራሮች ለመውጣት የሚያስቸግሩ፣ በረዶና ውርጭ የማይለያቸው፣ የሚወርደውም ሰውን እስከ ጉልበቱ የሚያሰጥም መሆኑን ይገልጻል። ዛሬ ከ4500 ሜትር በላይ ከፍ ባለው በራስ ዳሽንና በአጎራባቾቹ ላይ የሚታየው ነጭ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ጠጠሩና ውርጩ ነው፤ እየበነነ የሚወርደው አልፎ አልፎ ብቻ ይታያል። ያም ሆኖ ከደባርቅ በላይ ለሚኖር ሰው ሦስቱም የሚታወቁ ነገሮች ናቸው።

ልዩነቱ ደግሞ ለገበሬው የቃላት ጨዋታ አይደለም። በዚያ ከፍታ ዋናው እህል ገብስ ነው። ጠጠሩ ሲወርድ አገዳውን ሰብሮ ይጥለዋል፤ ዘለላውን ያረግፈዋል። ውርጩ ግን ሳይሰማና ሳይታይ ሌሊት መጥቶ ያቃጥለዋል፤ ጧት ሲታይ ቆሞ የደረቀ ይሆናል። «በረዶ መታብኝ» ያለና «ውርጭ መታብኝ» ያለ ገበሬ የሚናገሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ጉዳቶች ነው። መሪው ልጅም ቢሆን፣ አንድ ጃፓናዊ እንግዳ ጧት በግጭ ሜዳ ላይ የነጣውን ሣር አይቶ ምን እንደሆነ ቢጠይቀውና «ዩኪ» ብሎ ቢመልስለት፣ እንግዳው ሌሊቱን ከሰማይ ያልወረደውን ወርዷል ብሎ ይሄዳል። ትክክለኛው መልስ «ሺሞ» ነበር።

ቃሉ ሲለወጥ ግሱም አብሮ መለወጡን ልብ ማለት ያሻል። ዝናብም፣ ዩኪም፣ ህዮም «ፉሩ» ይባልላቸዋል። ሺሞ ግን «ኦሪሩ» ይባልለታል፤ ይህም ከላይ ወደ ታች መውረድን፣ ከፈረስ ወይም ከደረጃ መውረድን ጭምር የሚገልጽ ግስ ነው። «ሺሞ ጋ ኦሪሩ» እንጂ «ሺሞ ጋ ፉሩ» ማለት ለጆሮ አይጥምም። በአማርኛም ዝናብ ይዘንባል፣ በረዶ ይጥላል ወይም ይወርዳል፣ ጉም ይሸፍናል፣ ውርጭ ይመታል። «ውርጭ ዘነበ» ያለ ሰው አማርኛ ገና እየተማረ መሆኑ ወዲያው ይታወቅበታል። ይህን የመሰለውን ዕውቀት የቃላት ተርታ ሊሰጥ አይችልም። ተርታው «ሺሞ፦ ውርጭ» ብሎ ያቆማል። ውርጭ እንዴት እንደሚመጣና ምን እንደሚያደርግ የሚያስተምረው ዐረፍተ ነገሩ ነው።

ከዚህ የሚነሣው ቁም ነገር ከጃፓንኛ ትምህርት ያልፋል። ቃል በመዝገብ ተጽፎ ሊቀመጥ ይችላል፤ ዐረፍተ ነገር ግን የሚናገረው ሰው ይሻል። ከላይ የተወሳው ቅማንትኛ ለዚህ አሳዛኝ ማስረጃ ነው። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ራሳቸውን ቅማንት ያሉት ሰዎች ከ170 ሺህ ይበልጡ ነበር፤ ቋንቋውን አፍ የፈቱበት መሆናቸውን የተናገሩት ግን 2 ሺህ አይሞሉም። ምሁሩ ዘለዓለም ልየው እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት የቋንቋውን ሰዋስው መዝግበው፣ ቋንቋው በአማርኛ እየተተካ የሄደበትን መንገድ አስረድተዋል። ያ ጥናት ታላቅ ውለታ ነው። ይሁን እንጂ በመጽሐፍ የተመዘገበ ሰዋስው ልጅ ከእናቱ ጋር ስለ ዝናቡና ስለ ውርጩ የሚነጋገርበትን ያህል ሕይወት ሊኖረው አይችልም። ለአማርኛ የቃላቱን ማሠሪያ ሥርዐት ያዋሰው ወገን ዐረፍተ ነገሩን የሚናገርለት ሰው ሲያጣ ማየት፣ ለአማርኛ ተናጋሪውም ማስጠንቀቂያ ሊሆነው ይገባል። አመዳይ የሚለው ቃል በትንሹ የደረሰበት ዕጣ ይኸው ነውና። አልተሰረዘም፣ አልተከለከለም፤ የሚገባበት ዐረፍተ ነገር ብቻ ጠፋ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ፣ ባዕድ ቋንቋ የሚያስተምር መምህር ምሳሌውን ከተማሪው ሀገር ቢወስድ ይበጃል። በመማሪያ መጽሐፍ ላይ ያለው ያማ የፉጂ ተራራ ቢሆን እንኳ፣ ለጎንደሩ ተማሪ ቧሂት ወይም ራስ ዳሽን ሊሆንለት ይችላል፤ በዚህ ምክንያት ሰዋስው አይጎድልም፣ ቃሉ ግን የሚታይ ነገር ያገኛል። ሁለተኛ፣ የደጋውን ሰው ንግግር ለመሰብሰብ የሚወጣ ሰው «ይህ ምን ይባላል?» ብሎ ስም ብቻ ጠይቆ መመለስ የለበትም። ሌሊት ምን እንደሆነ፣ ገብሱ ምን እንደደረሰበት፣ ደመናው ከየት እንደመጣ ጠይቆ የሚነገረውን ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይጻፍ። ስሙም ግሱም አገባቡም የሚገኙት በዚያ ውስጥ ነው። የቅኔ መምህራን ተማሪያቸውን ግሱን ካስጠኑት በኋላ «በል ቁጠር» የሚሉት ይህንኑ ዐውቀው ነው።

ሦስተኛው ለተማሪው ለራሱ ነው። ባዕድ ቃል ባጋጠመው ቁጥር በመጀመሪያ ያገኘውን የአማርኛ ፍች ይዞ ከመሮጥ ይልቅ፣ ቆም ብሎ የገዛ ሀገሩ ሰው ለዚያ ነገር ምን እንደሚል ቢጠይቅ ሁለት ቋንቋ በአንድ ጊዜ ይማራል። «ዩኪ»ን «በረዶ» ብሎ ያለፈ ተማሪ አንድ የጃፓንኛ ቃል ይዟል፤ ያውም በጉድለት። «አመዳይ» ብሎ የፈታት ግን ጃፓንኛውንም አማርኛውንም አገኘ። ዐረፍተ ነገሩም ቢታረም እንዲህ ይሆናል፦ ያማ ኒ ዩኪ ጋ ፉሩ፤ ተራራ ላይ አመዳይ ይወርዳል።